ዜማው ተረፈ፣ ሳቁ ጠፋ፦ የሃርጌሳ አሳዛኝ የፍቅር ዘፈኖች ከአስቂኝ መድረክ እንዴት ተወለዱ?

በሶማሊላንድ መዲና ሃርጌሳ በመኪና ውስጥ፣ በሻይ ቤት እና በየመኖሪያ ቤቱ ዛሬም የሚደመጡት የቆዩ የፍቅር ዘፈኖች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፦ ሐዘን። አፍቃሪው ታሟል፤ ለሕመሙ ሐኪምም ሆነ መድኃኒት አልተገኘም። የወደዳት ሴት ለሌላ ተድራለች፤ ወይም ከነጭራሹ ስሜቱን አታውቅም። እርሷም በበኩሏ አምናው የከዳትን ሰው ታስታውሳለች።

ዛሬ እነዚህን ዜማዎች ለብቻው ሆኖ የሚሰማ ሰው ለለቅሶ እንደተደረሱ ሊያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘፈኑት ተመልካች ሆዱን ይዞ በሚስቅበት የቲያትር አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሐዘኑ በሁለት ቀልዶች መካከል የሚቀርብ የምሽቱ አንድ ክፍል ነበር።

ከዚያ ዘመን መድረክ ለትውልድ የተላለፈው ግን በአብዛኛው ሐዘኑ ብቻ ነው። ሳቁ ምን ሆነ? ለምንስ ከዜማው ጋር አብሮ አልተረፈም?

የተቃጠለ ልብ እና ካባሬ

ምላሽ ያላገኘ ወይም የተከዳ ፍቅርን የሚያነሱ ዘፈኖችን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች "የችቦ ዘፈን" ይሏቸዋል። ስያሜው የመጣው ለማይመለስ ሰው በልብ ውስጥ የፍቅር ችቦ አብርቶ መኖር ከሚለው አነጋገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ "አንጀት የሚበላ" የሚለው ዓይነት ዘፈን መሆኑ ነው።

ይህን መሰሉን ሐዘን ከቀልድ ጋር አዋህዶ ማቅረብ በአውሮፓ የካባሬ መድረኮች የቆየ ልማድ ነው። ካባሬ ተመልካች ተቀምጦ እየበላና እየጠጣ ዘፈን፣ ቀልድ እና ሽሙጥ የሚመለከትበት ትንሽ መድረክ ነው። በዚህ ረገድ ስሙ የገነነው "ጥቁር ድመት" የተባለው ቤት በፓሪስ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ነበር።

ለኢትዮጵያውያን ግን ንጽጽሩን ለማግኘት ፓሪስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የአዝማሪ ቤት ይኸው ነው። ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ በትዝታ ልብ ካባባ በኋላ ወዲያው ወደ አንዱ እንግዳ ዞሮ በአለባበሱ ይቀልድበታል፤ ሌላው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ሲሰጠው ያንኑ አስፍቶ ቤቱን በሳቅ ይሞላዋል። እዚያ ቤት ያለቀሰም የሳቀም አንድ ሰው ነው።

የሃርጌሳው መድረክ መጠጥ አልነበረበትም፤ ከመጠጥ ቤት ይልቅ የቲያትር አዳራሽ ነበር። ሐዘንና ሳቅን አስተሳስሮ የማቅረብ ጥበቡ ግን የቅርብ ዘመድ ነው።

ፍቅር መሳቂያ በነበረበት ጊዜ

በሶማሊዎች ዘንድ ግጥም ከፍተኛ ክብር አለው። ክብሩ ግን ለሁሉም ርዕስ እኩል አልነበረም። ስመ ጥር ወንዶች የሚገጥሙት ስለ ጦርነት፣ ስለ ዕርቅ፣ ስለ ግመል እና ስለ ጎሳ ጉዳይ ነበር። አንድ ጎልማሳ በሴት ፍቅር መሸነፉን በአደባባይ መናገሩ ግን እንደ ድክመት ይቆጠርበት ነበር።

ይህን ወሰን በመሻገሩ ስሙ የሚነሳው ኤልሚ ቦዳሪ ነው። በወደብ ከተማዋ በርበራ በዳቦ ቤት ይሠራ የነበረው ኤልሚ ሆዳን የተባለች ወጣት ወደደ። ሀብት አልነበረውምና ሊያገባት አልቻለም፤ እርሷም ለሌላ ተዳረች። ከዚያ በኋላ ግጥሞቹ ሁሉ ስለ እርሷ ሆኑ። በዘመኑ ብዙዎች ተሳልቀውበታል። በ1941 ሲሞት ግን "ፍቅር የገደለው ሰው" ተብሎ በታሪክ ተመዘገበ፤ ዛሬም በሶማሊኛ ስለ ፍቅር ሲወራ ስሙ ሳይነሳ አያልፍም።

የኤልሚ ታሪክ አንድ ነገር ያሳያል። በዚያ ማኅበረሰብ አሳዛኝ ፍቅር እና መሳቂያ መሆን ገና ከጥንቱ ጎን ለጎን የቆሙ ነበሩ። የተከፋ ልቡን በአደባባይ የገለጠ ሰው የሚጠብቀው መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ እንባው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ከኤልሚ በኋላ የመጡት ከያንያን ይህን ቅደም ተከተል ለራሳቸው ጥቅም አዋሉት።

ከተበላሸ የጭነት መኪና የተወለደ ዜማ

ኤልሚ ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1940ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በቦረማ እና በዘይላ አካባቢ "ባልዎ" የተባለ አዲስ የዘፈን ዓይነት ብቅ አለ። ቃሉ መከራ ወይም መዓት ማለት ነው። ፈጣሪው አብዲ ሲኒሞ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር።

በሰፊው የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ የአብዲ መኪና ሰው በሌለበት በረሃ ተበላሸ። ቢጠግን ቢጠግን እምቢ አለው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ተቀመጠ፤ ከአፉም ያ የመከራ እንጉርጉሮ ወጣ። በኋላ ከተማ ሲደርስ ደገመው፤ ሰውም ተቀበለው።

የአዲሱ ሙዚቃ አባት ቅጽል ስምም ልብ ሊባል ይገባል። "ሲኒሞ" ማለት ሲኒማ ነው። ይህን ስም ያገኘው ታሪክ ሲያወራ ሰውን በሚያዝናናበት ችሎታው ነበር። የሶማሊን አሳዛኝ የፍቅር ዘፈን መሠረት ጣለ የሚባለው ሰው፣ በወዳጆቹ ዘንድ የሚታወቀው በጨዋታ አዋቂነቱ ነበር ማለት ነው።

ባልዎ አጭር ነበር፤ ጥቂት ስንኞች በጭብጨባ እና ባዶ ጣሳ በመምታት ይታጀቡ ነበር። ወጣት ወንዶችና ሴቶች አንድ ላይ ተሰብስበው ይዘፍኑት ስለነበር የሃይማኖት አባቶች ተቃወሙት። ተቃውሞው ግን ዜማውን አላጠፋውም። አጫጭሮቹ ስንኞች እየተቀጣጠሉ ረዘሙ፤ "ሄሎ" የሚል አዲስ ስም ያገኘው ዘፈንም ወደ ከተሞች ገባ።

በታንጋኒካ የተወለደው አብዱላሂ ቀርሼ ዜማውን በዑድ ሲያጅበው ደግሞ ዘመናዊው የሶማሊ ሙዚቃ መልኩን ያዘ። በ1943 "ኩዱ" በሚል ስም የተጀመረው የሃርጌሳ ሬዲዮ ጣቢያም እነዚህን ድምፆች ከከተማው አልፎ ወደ ገጠሩ አደረሳቸው። በዑድ የሚታጀቡት የዚያ ዘመን የፍቅር ዘፈኖች ዛሬ "ቀራሚ" በመባል ይታወቃሉ። ቃሉ ጽኑ ፍቅር ከሚል የአረብኛ ቃል የመጣ ነው።

ሪዋያድ፦ በአንድ ምሽት ሁለት ቋንቋ

በ1950ዎቹ በሃርጌሳ "ዋላሎ ሃርጌሳ" ወይም "የሃርጌሳ ወንድማማቾች" የተባለው የኪነ ጥበብ ቡድን ሲመሠረት ዘፈን፣ ግጥም እና ቀልድ በአንድ መድረክ ተገናኙ። "ሪዋያድ" ተብሎ የሚጠራው ይህ ቲያትር ለሰዓታት የሚቆይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴቶች መድረክ ላይ መውጣታቸው እንደ ነውር ይታይ ስለነበር የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቷቸው ነበር። ይህም ራሱን የቻለ የሳቅ ምንጭ ነበር።

የሪዋያድ አሠራር ከብዙ አገሮች ቲያትር ይለያል። ሶማሊኛ ይፋዊ ፊደል ያገኘው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ድርሰቶች በአብዛኛው በቃል የተያዙ ነበሩ። ደራሲው ግጥሙን ለተዋንያኑ በቃሉ ያስጠናቸዋል፤ እነርሱም እየደጋገሙ ያጠኑታል።

በቃል የሚጠናው ግን ሁሉም ክፍል አልነበረም። ልብ የሚነካው፣ ቁም ነገር የያዘው እና የሚዘፈነው ክፍል በግጥም ስለሚደረስ አንድ ቃል እንኳ ሳይዛነፍ ይጠና ነበር። አስቂኙ ክፍል ግን በተራ ንግግር የሚቀርብ በመሆኑ ተዋንያኑ የታሪኩን አቅጣጫ ይዘው በዚያው መድረክ ላይ ይፈጥሩት ነበር።

የሶማሊ ግጥም አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። በየስንኙ ቢያንስ አንድ ቃል በተመረጠው አንድ ድምፅ መጀመር አለበት፤ ይህ ድምፅም ከግጥሙ መነሻ እስከ መድረሻው አይለወጥም። ለምሳሌ በ"ደ" የተጀመረ ግጥም በ"ደ" ይዘልቃል። ይህ ሕግ ለጆሮ ውበት ከመሆኑም በላይ ለአእምሮ እንደ ቁልፍ ያገለግላል። አንድ ቃል ቢረሳ ወይም ቢለወጥ ስንኙ ስለሚሰበር ሰሚው ወዲያው ያውቀዋል።

ቀልዱ ይህን የመሰለ ቁልፍ አልነበረውም። የሚኖረው በተዋናዩ ፊት፣ በአነጋገሩ ቃና፣ በዚያ ሳምንት በከተማው በተወራው ወሬ እና በተመልካቹ ምላሽ ላይ ነበር። ዛሬ ያሳቀው ነገ ላያስቅ ይችላል፤ ስለዚህም ነገ በሌላ ይተካል። በአንድ ቲያትር ውስጥ እንዲህ ሁለት ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር፤ አንደኛው እንዲኖር ተብሎ የተሠራ፣ ሁለተኛው ለዚያች ሌሊት ብቻ የተሰጠ።

"የሴቶች ነብር"

የዚህን ዘዴ ኃይል በግልጽ ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱ የቦረማው ተወላጅ ሐሰን ሼክ ሙሚን የደረሰው "ሻቤልናጎድ" ነው። ርዕሱ "የሴቶች ነብር" እንደማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1968 በሞቃዲሾ ብሔራዊ ቲያትር ሲሆን፣ በ1974 ቢ ደብልዩ አንድርዜየቭስኪ በተባሉ የሶማሊኛ ሊቅ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ታትሟል።

የታሪኩ ባለቤት ሻቤል በጣፋጭ አንደበቱ ሴቶችን የሚያጠምድ አታላይ ነው። መሣሪያው ከወላጆች ፈቃድ ውጭ፣ ከከተማ ርቆ የሚፈጸም ጋብቻ ነው። ሸላዮ የተባለችውን ወጣት በዚህ መንገድ አሳስቶ ይተዋታል። ስሟ የጸጸትን ትርጉም የያዘ ነው፤ ተመልካቹ ስሟን ሲሰማ ፍጻሜዋን ይገምታል።

ድርሰቱ የከተማውን ሰው ግብዝነት፣ የወንዶችን ጉራ እና የአዲሱን ዘመን ኑሮ እየነቀፈ ያስቃል። በሳቁ መካከል የተታለለችው ሴት ሐዘን በግጥምና በዜማ ይመጣል። ከደቂቃዎች በፊት በሻቤል ብልጠት ሲስቅ የነበረ ተመልካች፣ የሳቀበት ብልጠት ያስከተለውን ጉዳት ፊት ለፊት ያየዋል። ሐዘኑ ብርቱ የሚሆነው ተመልካቹ ራሱ በሳቁ ተባባሪ ስለነበረ ነው።

ይኸው ደራሲ በኋላ የሶማሊላንድን ብሔራዊ መዝሙርም ደርሷል። መዝሙሩ በ1997 ጸድቆ እስከ ዛሬ ይዘመራል። በሕዝብ ፊት በአታላይ ባሎች ያሳቀ ብዕር ሕዝብ ቆሞ የሚዘምረውን ግጥም መጻፉ፣ በዚያ አካባቢ ለመድረክ ሰው የሚሰጠውን ቦታ ያሳያል።

ሳቅ ለምን አስፈለገ?

ኤልሚ ቦዳሪን መሳቂያ ያደረገው ባህል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ብቻ አልጠፋም። በሃርጌሳ አንድ ወንድ ተነስቶ "በፍቅር ተሸነፍኩ" ማለት አሁንም ይከብደዋል፤ ለሴት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ቀልድ ይህን ክብደት ያቃልላል። ተመልካቹ አስቀድሞ ስለሳቀ ልቡ ተከፍቷል፤ ዘፋኙም የሚናገረው በገጸ ባሕርይ ስም ስለሆነ ራሱን አላጋለጠም።

በሃርጌሳ የፍቅር ዘፈኖችን ያጠናችው የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ ክሪስቲና ዉልነር በ2023 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ እነዚህ ዘፈኖች ሰዎች በሌላ መንገድ ሊናገሩት የማይችሉትን የውስጥ ስሜት እንዲካፈሉ የሚያስችሉ መሆናቸውን ታስረዳለች። ዘፈኑን የሚደርሰው ገጣሚ፣ ዜማውን የሚያወጣው ሙዚቀኛ እና ድምፁን የሚሰጠው ዘፋኝ ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የአንድ ሰው ሐዘን የብዙ ሰው ሥራ ሆኖ ይወጣል።

ገጣሚው መሐመድ ኢብራሂም ዋርሳሜ "ሃድራዊ" ለዘፋኟ ማጎል የሰጠው፣ ፍቅር በደም ተጽፎ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቀው ዝነኛ ዘፈን ለዚህ ምሳሌ ነው። መነሻው አንድ ሱዳናዊ አድናቂ በደሙ ጽፎ ለማጎል የላከላት ደብዳቤ እንደሆነ ይነገራል። የላኪው ሐዘን የገጣሚው ጥያቄ ሆነ፤ የገጣሚው ጥያቄም በዘፋኟ ድምፅ የሕዝብ ሆነ።

ሬዲዮ፣ ካሴት እና የቦምብ ድብደባ

ዘፈኑን ከቀልዱ የለየው የመጀመሪያው ኃይል ጦርነት አልነበረም፤ ሬዲዮ ነበር። ለሰዓታት የሚቆይ ቲያትር በአየር ላይ ማዋል አስቸጋሪ ነው፤ የአምስት ደቂቃ ዘፈን ግን ይመቻል። ስለዚህ ዜማዎቹ ከቲያትሩ እየተቆረጡ ተሰራጩ። በኋላ ካሴት ሲመጣ ይኸው ልማድ ቀጠለ። ሙሉ ቲያትሮች የተቀረጹባቸው ካሴቶች ቢኖሩም ከእጅ ወደ እጅ ይበልጥ የሚዘዋወሩት ዘፈኖቹ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ የዘፈኑ ርዕስ እየታወሰ የቲያትሩ ስም ተረሳ።

በ1988 ደግሞ ሌላ አደጋ መጣ። የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሃርጌሳን ሲያጠቁ የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተማዋን በአውሮፕላንና በከባድ መሣሪያ ደበደባት። በርካታ አስር ሺህ ሰዎች እንደተገደሉ ይገመታል። አብዛኛው የከተማዋ ክፍል ፈረሰ፤ የቲያትር አዳራሿም ከፍርስራሾቹ አንዱ ሆነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ፤ በሶማሌ ክልል የሚገኘው ሃርተሼክ ከትላልቆቹ መጠለያዎች አንዱ ነበር።

የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎችና ሌሎች ተቆርቋሪዎች የድምፅ ክሮችንና ካሴቶችን ከድብደባው ለማዳን ከፊሎቹን መሬት ውስጥ ቀበሩ፤ ከፊሎቹንም ወደ ጅቡቲ እና ወደ ኢትዮጵያ አሸሹ። ዛሬ በሃርጌሳ የባህል ማዕከል ያለው የሬድሲ ባህል ፋውንዴሽን ከ10 ሺህ በላይ ካሴቶችን ሰብስቦ ይዟል። ከዚያ ክምችት ተመርጠው በ2017 በአልበም የወጡ የቆዩ የሶማሊ ዘፈኖች ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደርሰዋል።

መሬት ውስጥ የተቀበረው ግን ድምፅ ነው። በቃል ከተያዘው ዜማ በተቃራኒ፣ ያልተቀረጸ ቀልድ ተቆፍሮ የሚወጣበት ጉድጓድ የለውም።

ያለ መጠጥ የሚደምቅ ምሽት

ከጦርነቱ በኋላ በሃርጌሳ ሙዚቃ በአደባባይ መጫወት ቀላል አልነበረም። አዳራሽ የለም፤ ከያንያኑ ተበትነዋል፤ የሃይማኖት ወግ አጥባቂነትም ጠንክሯል። የአልኮል መጠጥ የተከለከለ በመሆኑ በሌሎች ከተሞች ሙዚቀኞችን የሚያኖረው የመጠጥ ቤት ገበያ እዚህ የለም።

ይህን ባዶነት ለመሙላት ከተነሱት አንዷ ድምፃዊት ሳህራ ሃልጋን ናት። በጦርነቱ ወቅት የቆሰሉ ተዋጊዎችን ታክም፣ በዘፈኗም ታበረታታ ነበር። "ሃልጋን" የሚለው ቅጽልም ትግል ማለት ነው። በስደት ለዓመታት በፈረንሳይ ከኖረች በኋላ ወደ ሃርጌሳ ተመልሳ በ2010ሮቹ አጋማሽ "ሂዶ ዳውር" የተባለውን የባህልና የሙዚቃ ቤት ከፈተች። ስሙ "ቅርስን ጠብቅ" እንደማለት ነው። በ2024 ላወጣችው አልበምም ይህንኑ ስም ሰጥታዋለች።

በዚህ ቤት እንግዳው በባህላዊ አቀማመጥ ተቀምጦ፣ ምግብ እየበላ፣ ሻይ እየጠጣ የዑድና የከበሮ ሙዚቃ ያዳምጣል። የሚቀርቡት በአብዛኛው ከወላጆቹ ዘመን የመጡ ቀራሚ እና የቲያትር ዘፈኖች ናቸው። አፍቃሪው ሞተ፣ ተከዳ፣ ታመመ የሚለው ዜማ ሲመጣ አዳራሹ በጭብጨባና በፈገግታ አብሮ ይዘፍናል። ለውጭ ሰው ይህ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ዜማውን ያሳደገውን መድረክ ለሚያውቅ ሰው ግን አያስደንቅም፤ ሐዘኑ ወደ ተወለደበት ቤት ተመልሷል።

የጎደለው ግማሽ

አዲሱ ትውልድ ቀልዱን በሌላ ቦታ አግኝቶታል። አጫጭር አስቂኝ ተንቀሳቃሽ ምስሎች በዩቲዩብ እና በቲክቶክ ከሃርጌሳ እስከ ጅግጅጋ፣ ከናይሮቢ እስከ ሚኒያፖሊስ ይዘዋወራሉ። አሳዛኙ ዘፈንም በዚያው ስልክ ላይ አለ። ነገር ግን ሁለቱ የሚገኙት በተለያየ ገጽ ነው። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰው ፊት፣ አንዱ ለሌላው መንገድ እየጠረገ አይቀርቡም።

ጉዳቱ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። ዘፈኑን ብቻ የሚሰማ ወጣት የቀደመው ትውልድ በፍቅር ምን ያህል እንዳዘነ ይማራል፤ ያ ትውልድ በራሱ ሐዘን እንዴት ይስቅ እንደነበረ፣ አታላዩን እንዴት ያሽሟጥጥ እንደነበረ፣ በሳቅ ሽፋን ስለ ጋብቻና ስለ ሴቶች መብት ምን ይከራከር እንደነበረ ግን አያውቅም። አንድን ሕዝብ በእንባው ብቻ ማወቅ በግማሽ ማወቅ ነው።

ይህን ግማሽ ለመመለስ ጊዜው አጭር ነው። ሃድራዊ በ2022 በሃርጌሳ አርፏል። የዑዱ ሊቅ አህመድ እስማኤል ሁሴን "ሁዴይዲ" በ2020 በለንደን በኮቪድ 19 ሞቷል። በ1960ዎቹ በአዳራሾቹ ውስጥ ተቀምጠው የሳቁት ወጣቶች ዛሬ አብዛኞቹ ሰባኛውን ዓመት አልፈዋል። ከእነርሱ ጋር ያለው ትዝታ በካሴት ላይ ከተቀረጸው በተለየ ሁኔታ ሊጠየቅ ይችላል፦ ይህ ዘፈን ከየትኛው ቲያትር ነው? ከመዘፈኑ በፊት መድረኩ ላይ ማን ነበር? ምንስ ብሎ አሳቃችሁ?